ሎሚ የተጠረጠረ ዕለት

ተረት ይዤ መጥቻለሁ። «ከየት አመጣኸው?» በሉኝ። ከሙዝ ቅጠል ሥር። «ማን ሰጠህ?» በሉኝ። ቢላዋ። «ቢላዋ ይናገራል እንዴ?» በሉኝ። ያን ጊዜ ይናገር ነበር፤ አሁን ግን የሚሰማው ስላጣ ዝም ብሎ ይቆርጣል።

እንግዲያው ጠጋ በሉ።

በድሮ ዘመን፣ ከአንድ ትልቅ ወንዝ ማዶ፣ ሙቀት በማይጠፋበት ቆላ አገር፣ አቶ ደግፌ የሚባሉ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ታፈሰ ሚስት አገባና ወር ሳይሞላው ለንግድ ሩቅ አገር ሄደ። ሚስቱ ውድነሽ ከአማቷ ጋር ቀረች። ታፈሰ ሄዶ ሳይመለስ አቶ ደግፌን የቆላ ንዳድ ያዛቸው። ሰባት ቀን አንቀጠቀጣቸው፣ ሰባት ቀን አተኮሳቸው፣ ከዚያ ለቀቃቸው። ንዳዱ ሲለቃቸው ግን ጥርጣሬ ያዛቸው።

በዚያ አገር ምግብ ያቀረበ ሰው ቀድሞ ይቀምሳል። ይህ ወግ ለምን መጣ ብትሉ፣ መርዝ እንደሌለበት ለማሳየት ነው። ጠጅ አሳላፊ እንኳ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ካልቀመሰ ብርሌውን የሚቀበለው የለም።

በመጀመሪያው ቀን ውድነሽ ገንፎ አገነፋች። ከዳር ቆርሳ ቀመሰችና አቀረበች። አቶ ደግፌ አንድ ጊዜ ጎረሱ።

«መረረኝ!» አሉ። «ከዳር ቀመስሽ። ነገሩ ያለው ከመሐል ነው!»

በሁለተኛው ቀን ሽሮ ሠራች። ከመሐል ቀመሰችና አቀረበች።

«መረረኝ!» አሉ። «ከመሐል ቀመስሽ። ዛሬ ደግሞ ወደ ዳር አዞርሽው!»

በሦስተኛው ቀን ወተት አፈላች። ወተት ዳርም መሐልም የለው። ተጎነጨችና አቀረበች።

«መረረኝ!» አሉ። «ከላይ ጠጣሽ። ነገሩ ወደ ታች ዘቅጧል!»

«አባዬ፣ ምን ነገር ነው የሚሉት?»

«እሱን አንቺ ታውቂዋለሽ። ነገ ቀትር ላይ አባ ይርዳውን ጠርቻለሁ፤ ሽማግሌ ናቸው። በፊታቸው የምታቀርቢው ምግብም ከመረረኝ፣ ጓዝሽን ይዘሽ ወደ እናትሽ ቤት!»

እንግዲህ አስቡት። «አማቷን ልትመርዝ ነበር» ተብላ የተመለሰች ሴትን ማን ቡና ጠጪ ይላታል? ማን ከማጀቱ ያስገባታል? ልብስ ቢቆሽሽ ይታጠባል፣ ስም ግን ሳሙና የለውም። ውድነሽ ሌሊቱን ሙሉ ስታስብ አደረች። ሲነጋጋ አንድ ሐሳብ መጣላት። «ገንፎ ይሸፍናል፣ ወጥ ይሸፍናል፣ ወተትም ይሸፍናል። ምንም የማይደበቅበት ምግብ አቀርባለሁ። እሳት ያልነካው፣ እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው የሚታይ!»

ወደ ጓሮ ወረደች። አንዲት ፓፓያ፣ አንድ ማንጎ፣ ሁለት ብርቱካን፣ አንድ እጅ ሙዝና አንድ ሎሚ ለቀመች። ከመላጧ በፊት ሁሉንም አጠበች። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። «ልጣጩ ይጣል የለ፣ ለምን ይታጠባል?» ይላል። ይታጠባል እንጂ! ቢላዋ ከውጭ ወደ ውስጥ ሲገባ የልጣጩን አቧራ ይዞ ነው የሚገባው።

መክተፊያው ላይ ደረደረቻቸው። ከመክተፊያው አጠገብ ገበቴ ተቀምጧል፤ ከዋንዛ የተጠረበ፣ ዕድሜ ጠገብ ጎድጓዳ ዕቃ ነው። ሁሉም አባ ገበቴ ይሉታል። ከግድግዳው ላይ ደግሞ በቅል ያለ ማር ተንጠልጥሏል።

ቢላዋ ተነሣና አዋጅ ነገረ። «ስሙ! ዛሬ ገበቴው ሳይነካ ከተመለሰ ልጅቱ ትባረራለች። በበጋ ውሃ ተሸክማ ያጠጣቻችሁ እሷ ናት። ስለዚህ እያንዳንዳችሁ አምራችሁ ግቡ!»

«እኔ እንኳ ሳልሞክርም አምራለሁ» አለ ማንጎ።

ሙዝ ግን ዙሪያዋን አየችና ድምፅዋን ቀነሰች። «እትዬ ፓፓያ፣ ያ ትንሹ ማን ነው?»

«የቱ?»

«ያ ክቡ። ቢጫው። አንድ ጥግ ይዞ ዝም ያለው።»

«ሎሚ ነዋ።»

«ሎሚ! ሎሚ ከእኛ ጋር ምን ያደርጋል? እኛ ጣፋጮች ነን። እሱ የቀመሰውን ሁሉ ፊት ያስጨመድዳል።»

ብርቱካን ጣልቃ ገባች። «እኔ ዘመዱ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። ከቤታችን ሁሉ እሱ ብቻ ነው የኮመጠጠው። እናታችን እንኳ 'ይህ ከማን ወጣ?' ትል ነበር።»

«ዘመዱ ካልመሰከረለት ማን ይመሰክርለታል?» አለ ማንጎ። «ሰውዬው መረረኝ መረረኝ እያሉ ነው። ይኼ ገብቶ ቢያስጨመድዳቸው ልጅቱ አለቀላት። ተልኮ ነው የመጣው!»

ሎሚ ሰማ። «ማን ይልከኛል ጋሽ ማንጎ?» አለ። «ከአንድ አጥር ግቢ ነው የበቀልነው። አስገቡኝ፤ ሥራ አለኝ።»

«ምን ሥራ?»

«ገብቼ ነው የሚታየው።»

«ሰማችሁ? ሥራውን አይናገርም!» አለች ሙዝ።

ብርቱካን በቀስታ ተንከባለለችና ሎሚን ገፋችው። ጠብ! መሬት ወደቀ። ውድነሽ ጎንበስ ብላ አነሣችው፣ አጠበችው፣ መለሰችው።

«አስገቡኝ» አለ ሎሚ ለሁለተኛ ጊዜ።

ማንጎ በጎኑ ገፋው። ጠብ! ውድነሽ አነሣችው፣ አጠበችው፣ መለሰችው። «ይህ ሎሚ ዛሬ ምን ሆኗል?» አለች።

ከዚያ ቢላዋውን ያዘችና መክተፍ ጀመረች። ጭንቀት እጅ ያስታል መቼም፣ የጀመረችው ከሙዝ ነበር። ሙዝ በመጨረሻ ነው የሚከተፈው! ተልጣ አየር ከነካት ትጠቁራለች፤ ስለዚህ ሌላው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው እሷ የምትነካው። ውድነሽ ግን ሦስት ሙዝ ልጣ ክብ ክብ አድርጋ ቆረጠችና መክተፊያው ላይ ዘረጋቻቸው። ቀጥላ ፓፓያን ለሁለት ከፈለች፣ ጥቁር ጥቁር ፍሬዋን በማንኪያ ጠራረገች። ከማንጎውም አንዲት ቁራጭ ቆረጠች።

«አስገቡኝ» አለ ሎሚ ለሦስተኛ ጊዜ።

«አሁንስ በዛ!» አለች ፓፓያ። ግማሽ ብትሆንም ከባድ ናት። ተገላበጠችና በሎሚ ላይ ወደቀችበት። ሎሚ ተስፈንጥሮ ከቢላዋው ስለት ጋር ተጋጨ። ጎኑ ተሰነጠቀ። ጭማቂው ፊጭ ብሎ በዳር ባሉት የሙዝ ቁራጮች ላይ ተረጨ። እሱም ተንከባለለ፣ ተንከባለለና ከውሃው ጋን ኋላ ገብቶ ጠፋ።

ውድነሽ ልትፈልገው ስትል ከደጅ ጥሪ መጣ።

«አንቺ ሴት! ምን እያደረግሽ ነው? ድምፅሽ ጠፋ!»

«ፍራፍሬ እየከተፍኩ ነው አባዬ!»

«ዝም ብሎ የሚከተፍ ፍራፍሬ አለ? ነይ ውጪ! ጋቢዬን አምጪ፣ ፀሐይ መታኝ፣ መቀመጫ ዱካዬን አዙሪልኝ!»

ውድነሽ ወጣች። ማጀቱ ጭር አለ። ጭር ባለ ቤት ጥርጣሬ ይፋፋል።

ጥቂት ቆይቶ ሙዝ ጮኸች። «ኡ ኡ ኡ! እዩኝ! ጠቆርኩ!»

እውነትም ጠቁራለች። ነጩ ሰውነቷ ቡናማ፣ ቡናማው ጠይም፣ ጠይሙ ጥቁር ሆኗል።

«አላልኩም?» አለ ማንጎ። «መርዝ ረጨብሽ! ሲወድቅ ፊጭ ያደረገውን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ!»

«መርዘኛ!» አለች ፓፓያ።

«ከቤታችን የወጣ መርዘኛ!» አለች ብርቱካን።

ይኼን ጊዜ ከግድግዳው ላይ ለስላሳ ድምፅ ወረደ። «ሆዶቼ፣ አትጩኹ፣ ትደክማላችሁ» አለ ማር። «ቀድሞስ እኔ እያለሁ ከጎምዛዛ ጋር ምን አዋላችሁ? አሁን ልጅቱ ስትመለስ ወደ እኔ እጇን ትዘረጋለች። እኔ ከላይ እፈስባችኋለሁ። የጠቆረው አይታይም፤ የታየውም ይጣፍጣል።»

«እንዴት ያለ አንደበት ነው!» አለች ፓፓያ።

ቢላዋ ግን «እኔ የምሰጋው እሱኑ ነው» አለ። «ሰውዬው የተሸፈነ ነገር ይፈራሉ። ማርን የሚያህል መሸፈኛ ደግሞ የለም።»

«አንተ ምን ታውቃለህ፣ ስለታም!» አለ ማር፤ ድምፁ ለአፍታ ሻከረ።

አሁን አባ ገበቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ልጆች፣ ከመፍረድ በፊት መጠየቅ ነው። አንቺ ሙዝ፣ ሎሚ የረጨው የትኛውን ጎንሽን ነው?»

«በዳር ያሉትን ቁራጮቼን ነው አባ ገበቴ።»

«የጠቆሩትስ የትኞቹ ናቸው?»

ሙዝ አየች። እንደገና አየች።

«ንገሪን እንጂ።»

«የጠቆሩት... የመሐሎቹ ናቸው። እሱ ያልነካቸው።»

«እሱ የነካቸውስ?»

«ነጭ ናቸው» አለች ሙዝ፤ ቀስ ብላ። «ልክ አሁን የተላጡ ይመስላሉ።»

ማንጎ ግን የጀመረውን ክስ እንዲህ በቀላሉ የሚተው አልነበረም። «ይህ ተንኮሉ ነው!» አለ። «ሆን ብሎ ነጭ አድርጓቸው ይሆናል!»

«እሺ» አለ አባ ገበቴ። «የአገሩ ወግ ቅምሻ ነው። የሎሚን በሙዝ ላይ አየን። ማር ደግሞ ይፈተን። ከተቆረጠችው የማንጎ ቁራጭ ላይ ጠብ ይበል፤ የፀሐይዋ ጥላ የበሩን ደፍ እስኪያልፍ እንጠብቅ።»

«እኔን?» አለ ማር። «እኔ እቀመሳለሁ እንጂ እፈተናለሁ እንዴ?»

«የሚያፍርበት የሌለው ፈተና አይፈራም» አለ ቢላዋ።

ማር እየጎረበጠው ጠብ አለ። ቁራጯ በመጀመሪያ አብረቀረቀች። ማንጎ ደስ አለው። «አያችሁልኝ!» አለ። ጥላው ወደ ደፉ ቀረበ። ቁራጯ ማላብ ጀመረች። ጥላው ደፉን ነካ። የሆዷን ውሃ ለቀቀች፣ ተጨማደደች፣ በራሷ ውሃ ውስጥ ዋኘች። ይህን እናንተም ቤታችሁ ሞክሩት፤ ማርም ይሁን ስኳር የተከተፈ ፍሬ ላይ ብታደርጉና ብታቆዩት፣ የፍሬውን ውሃ ስቦ ያወጣዋል። ጥላው ደፉን ሲያልፍ በግድግዳው ሥር ጥቁር መስመር ታየ። ጉንዳኖች ናቸው።

«ማን ጠራችሁ?» አለ ቢላዋ።

«ማር» አሉ ጉንዳኖች። «ሁልጊዜ እሱ ነው የሚጠራን።»

ማር ቅሉ ውስጥ ገብቶ ድምፁን አጠፋ።

ይኼኔ ውድነሽ ገባች። የጠቆረውን ሙዝ ባየች ጊዜ እጇን በአፏ ጫነች። «አዬ ጉዴ!» አለች። «ይህን ካዩ 'ይኸው፣ መርዙ ላይ ወጣ' ይሉኛል!»

ልብ በሉ፣ የጠቆረ ሙዝ መርዝ አይደለም፤ ቢበሉት ምንም አያደርግም። ለሚጠረጥር ሰው ግን ጥቁር ነገር ሁሉ ምስክር ነው። ውድነሽም ይህን ስለምታውቅ ቶሎ ልትሸፍነው ዓይኗን ወደ ግድግዳው አነሣች። እጇ ወደ ማሩ ቅል ተዘረጋ።

«አለቀላት!» አለ ቢላዋ።

«አንድ ሰው አንድ ነገር ያድርግ!» አለች ፓፓያ።

ብርቱካን አሰበች፤ ዘመዴን መጀመሪያ የገፋሁት እኔ ነኝ ብላ አፈረች። ከመክተፊያው ዘለለች። ጠብ! ተንከባለለች፣ ተንከባለለችና ከጋኑ ኋላ ገባች። ውድነሽ ቅሉን ትታ ብርቱካኗን ልታነሣ ተንበረከከች። እጇን ከጋኑ ኋላ ስትሰድ አንድ ያወጣች መስሏት ሁለት አወጣች፤ ብርቱካንና ሎሚ።

የሎሚው ጎን ተሰንጥቋል። አሸተተችው። ከዚያ ወደ መክተፊያው ዞራ ነጭ የቀሩትን ቁራጮች አየች። አንዷን አነሣችና ቀመሰች። ኮምጠጥ አለቻት። «ኧረ! ለካ አንተ ነህ የጠበቅሃቸው!»

ከዚያ እጇ ፈጠነ። የጠቆረውንና ያላበውን አነሣች። ፓፓያን ልጣ በጣት ጫፍ ልክ ከተፈች። የቀረውን ማንጎ ከፍሬው ላይ ገፈፈች። ብርቱካኖቹን ልጣ ፈለቀቀች፣ ዘራቸውን አወጣች። የቀሩትን ሙዞች በመጨረሻ ቆረጠች። ሁሉንም ገበቴ ውስጥ አድርጋ ሎሚውን በላያቸው ጨመቀች።

ሎሚ እየተጨመቀ ሳለ ማንጎ አንገቱን ደፋ። «ተቀይመኸናል?»

«ለመቀየምም ጊዜ ይፈልጋል ጋሽ ማንጎ» አለ ሎሚ። «አባ ይርዳው በር ላይ ናቸው።»

እውነትም በር ላይ ነበሩ። አባ ይርዳው ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡና ከደጅ ገብተው መደቡ ላይ ካረፉት ከአቶ ደግፌ አጠገብ ተቀመጡ። ውድነሽ ገበቴውን ሳትከድን አቀረበች።

አቶ ደግፌ አጎንብሰው መረመሩ። «ይህ ቀዩ ምንድን ነው?»

«ፓፓያ አባዬ።»

«ማር አለበት?»

«የለበትም።»

«ለምን አላደረግሽም? ማር አጥተን ነው?»

«አባዬ፣ ቢኖርበት 'ምን ልትሸፍኚ ነው' ይሉኝ አልነበረም?»

አባ ይርዳው ሳል አስመስለው ሳቃቸውን ዋጡ። አቶ ደግፌ ግን አልሳቁም። «ደባልቂው» አሉ። ደባለቀች። «ድገሚ።» ደገመች። «አንዴ ጨምሪ።» ጨመረች። አሁን ዳር የለ፣ መሐል የለ፣ ላይ የለ፣ ታች የለ። አቶ ደግፌ ራሳቸው ማንኪያ ሙሉ ዛቁና «ብዪ!» አሉ። ውድነሽ በላች።

ሁለቱ ሽማግሎች ፊቷን ጠበቁ። ምንም አልሆነችም።

አቶ ደግፌ ማንኪያውን ተቀብለው አንድ ጎረሱ። ዓይናቸው ተጨፈነ። ግንባራቸው ተሸበሸበ። አፍንጫቸው፣ ጉንጫቸው፣ ጺማቸው ሳይቀር ተጨማደደ።

ውድነሽ መሬት መሬት አየች። በልቧ ጓዟን መጠቅለል ጀመረች።

«ምነው ደግፌ፣ መረረህ?» አሉ አባ ይርዳው።

«ቆይ እስቲ» አሉ። ሁለተኛ ጎረሱ። ሦስተኛ ጎረሱ። «ኮመጠጠኝ» አሉ በመጨረሻ። «ጎበዝ፣ ኮመጠጠኝ! አልመረረኝም። ከኋላው ደግሞ... ጣፋጭ ነገር መጣ። ማንጎ ነው! ማንጎ ማንጎ አለኝ!»

አራተኛ ጎረሱ። ከዚያ እጃቸው አየር ላይ ቀረ። አንድ ነገር አሰቡ። ከትራሳቸው ሥር አንዲት ትንሽ የውሃ ቅል አወጡ።

«ይህን ውሃ ራሴ ነኝ የቀዳሁት» አሉ። «ክዳኑንም ራሴ ነኝ የምዘጋው። ተኝቼ እንኳ ራሴ ነኝ የምንተራሰው። ሰው ነክቶት አያውቅም።»

«ታዲያ?»

አቶ ደግፌ ድምፃቸው ወረደ። «ታዲያማ ይህም ሰሞኑን ይመረኝ ነበር።»

«እንዲያውስ ንዳድ የለቀቀው ሰው አፉ ይመራል» አሉ አባ ይርዳው። «እኔም ቀምሼዋለሁ። ያን ጊዜ የእናቴ እርጎ እንኳ መሮኝ ነበር። እኔ ግን እናቴን አልከሰስኩም።»

ትልቅ ሰው «አጥፍቻለሁ» ለማለት ቃል ይከብደዋል። አቶ ደግፌ ማንኪያውን ሞልተው ወደ ውድነሽ ዘረጉ። «እንኪ ልጄ፣ ዛሬ የቀመስሽው ይበቃል፤ አሁን ብዪ» አሉ። ከመጣች ጀምሮ «ልጄ» ሲሏት ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው።

ውድነሽ ጎረሰች። እንባዋም አብሮ ወረደ። በገበቴው ውስጥ ሙዝ ለፓፓያ «አሁንስ ምን ያስለቅሳታል?» አለቻት። ፓፓያም «ዝም በይ፣ ይህ ደግሞ የጨው ነው፤ እሱም ይገባል» አለቻት።

አባ ይርዳው ከዘራቸውን ይዘው ሊነሡ ሲሉ «ቆይ እንጂ ደግፌ» አሉ። «ለመርዝ ጉዳይ ጠርተኸኝ ነው የመጣሁት። መርዙ የት ተገኘ ብዬ ልናገር?»

አቶ ደግፌ አፋቸውን ከፈቱ፤ ምላሳቸውን አውጥተው በጣታቸው አሳዩ።

አፍ ሲመር፣ እጅ ይጠረጠራል።

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀች፤ ልጣጯን እኔ ወሰድኩ፣ ፍሬዋን ለእናንተ ተውኩ።